ይድረስ ለእሜት ጎጎ

ይድረስ ለተከበሩ እሜት ጎጎ፣
ሰሜን፣ ከጊች በላይ

ይህ ደብዳቤ ሊደርስዎ ከሚገባው ቀን እጅግ ዘግይቷል። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ከጓደኞቼ ጋር ደጅዎ መጥተን ነበር። ተቀብለውናል፤ ከአናትዎ ላይ አቁመው አገር አሳይተውናል፤ በሰላምም ሸኝተውናል። ቤት ገብቶ፣ እህል ውሃ ቀምሶ፣ ሳያመሰግን የወጣ እንግዳ በእኛ ዘንድ ምን እንደሚባል እርስዎ አያጡትም። ዘግይቼም ቢሆን ልጻፍ ብዬ የተቀመጥሁት ለዚህ ነው።

ተራራን «እርስዎ» ማለቴ የሚገርመው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ስምዎን መጀመሪያ ስሰማ ግን ሌላ አጠራር አልመጣልኝም። እሜት የሚባሉ ሴት ሲገቡ ወንበር ይለቀቅላቸዋል፤ ሲናገሩም ዝም ተብሎ ይሰማል። ጎረቤትዎ ደግሞ እናትዬ ትባላለች። በካርታው ላይ እርስዎ 3926 ሜትር፣ እሷ 4070 ሜትር ናችሁ። ከእናንተ ወዲያ ቧሂት በ4430 ሜትር ቆሟል፤ ራስ ደጀን ከ4500 ሜትር በላይ ሆኖ ሁላችሁንም ይበልጣል። ቁመት ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ወደዚያ ነው። እኔ የማመሰግነው ከዚህ ሁሉ ሰንሰለት መሐል እርስዎን ነው፤ ምክንያቱን እየቆየሁ እነግርዎታለሁ።

የተነሣነው ከጎንደር ነው። አምስት ነበርን፤ አንዱ የባዮሎጂ መምህር፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ ባንክ ቤት የሚሠራ፣ አራተኛዋ የነርሷ ታናሽ እህት፣ አምስተኛው እኔ። ሁላችንም ጎንደር ተወልደን ጎንደር ያደግን ነን። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ድንኳን ተክሎ ደጅዎ ሲያድር፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የምንርቅ የአገር ልጆች እርስዎን የምናውቀው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ፎቶግራፍ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ለአንድ ጊዜም ቢሆን እንሂድ ተባባልን። ክረምቱ ወጥቶ ዘመነ ጽጌ ገብቷል። ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት ያለው የወገራ ማሳ እሸት ይዟል፤ የእርሻው ድንበርና የመንገዱ ዳር ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። የመኪናውን መስኮት ከፍተን የአፈሩን ሽታ እየሳብን ደባርቅ ገባን።

ደባርቅ ላይ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ገብተን የመግቢያውን ከፈልን። አንድ አስጎብኚና ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ተመደቡልን፤ ጓዛችንን የሚሸከሙ ሁለት በቅሎዎችም ከነባለቤታቸው ተከራየን። የበቅሎዎቹን ባለቤት «ጋሼ» እያልን እንጠራቸው ነበርና እዚህም ጋሼ ብዬ እጠራቸዋለሁ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ የበግ ጸጉር ቆብ ያጠለቁ፣ ሲራመዱ ድምፅ የማያሰሙ ሰው ናቸው። ተወልደው ያደጉት፣ ወግ ማዕረግ ያዩት ጊች ነው።

የእግር መንገዱን ፓርኩ ውስጥ ካለው ከሳንቃበር ጀመርን። የአስታው ጫካ ከላይ ገጥሞ፣ ከየቅርንጫፉ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሎ በነፋስ ይወዛወዛል። ጅንባር ፏፏቴ ትይዩ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ውሃው ሙሉ ነበር፤ ከአፋፉ ተወርውሮ ግማሽ መንገድ ላይ ጭስ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ አየሩ እየሳሳ ሄደ። ሃያ እርምጃ ተራምዶ መቆም፣ ተንፍሶ እንደገና ሃያ መራመድ የግድ ሆነ። ጋሼ ከኋላችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ማን አባረራችሁ ልጆቼ?» ይሉናል። እኛ ሦስት ጊዜ ስናርፍ እሳቸው አንድ ጊዜም አልተቀመጡም።

የጅንባርን ወንዝ ተሻግረን አቀበቱን ስንጨርስ ጊች ደረስን።

እሜትዬ፣ እዚህ ላይ ልቆይ። መንደር እንደነበረ አውቅ ነበር፤ እንደተነሣም በዜና ሰምቻለሁ። ሆኖም እግር ሲረግጠው ሌላ ነው። በክብ በክብ የተደረደረ ድንጋይ ከሣሩ መሐል ብቅ ብቅ ይላል፤ የቤት መሠረት ነው። ገብስ ይዘራበት የነበረው ማሳ ትልሙ ሳይጠፋ ሣርና አደይ ለብሷል። በትልሙ ላይ ጭላዳዎች በመቶ ተቀምጠው ይግጣሉ። ከዝንጀሮ ወገን ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ጭላዳ ብቻ ነው። አጠገባቸው ስንቀመጥ የሰማነውን ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ይዞታል፤ መቶ እጅ አንድ ላይ ሣር ሲነጭ እንደ ቀጭን ዝናብ ያለ ድምፅ አለው። ደረቱ ቀይ የሆነው ትልቁ ወንድ ቀና ብሎ አየንና፣ ፊታችንን አጥንቶ ወደ ግጦሹ ተመለሰ።

ጋሼ በፈረሱት ቤቶች መሐል አልቆሙም። የቱ የእሳቸው እንደነበረ አላሳዩንም፤ እኛም ለመጠየቅ አልደፈርንም። በቅሎዎቹን እየሳቡ በቀጥታ ወደ አንዲት ምንጭ ወረዱ። ዙሪያዋን በድንጋይ የተከበበች ትንሽ ምንጭ ናት፤ አፏን ሣርና ጭቃ ዘግቶታል። ጋሼ ዱላቸውን አስቀመጡ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ፤ በእጃቸው መጥረግ ጀመሩ። ሣሩን ነቀሉ። ጭቃውን እፍኝ በእፍኝ እያወጡ ወደ ዳር ጣሉ። ከቦታዋ የተፈነቀለች አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረች፤ አገላብጠው አዩዋትና እንደነበረችው መልሰው ደገፏት። ውሃው መጀመሪያ ደፈረሰ፤ ትንሽ ቆይቶ ጠራ። በመዳፋቸው ቀድተው ጠጡ፤ «አልሐምዱ ሊላህ» አሉና በቅሎዎቹን አጠጡ።

የነርሷ እህት «ጋሼ፣ ሰው የለበት፤ ለማን ብለው ነው የሚጠርጉት?» አለቻቸው።

«ለጠማው ነዋ፣ እታለም» አሏት እጃቸውን እያራገፉ። «መንገደኛም ይጠማል፣ ዋልያም ይጠማል። ምንጭ የሰው ብቻ ነው ያለው ማነው?»

የጊችን ነገር እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ለማያውቀው አንባቢ ግን ልናገር። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ። በ1970 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍት ከዓለም ሁሉ የገቡት 12 ቦታዎች ነበሩ። ከእነዚያ ከ12ቱ ሁለቱ የእኛ ናቸው፤ አንዱ ላሊበላ፣ ሌላው ሰሜን። ክብሩ ትልቅ ነበር። ነገር ግን ሰውም ከብቱም በዚያው አፋፍ ላይ ይኖራል። ሰው ቁልቁለቱን ለገብስ ያርሳል፣ ክረምቱ አፈሩን ያጥባል፣ ከብቱ ጓሳውን ይጨርሳል፣ ዋልያው መድረሻ ያጣል። በ1989 ዓ.ም. ሰሜን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ገባ። ከሃያ ዓመት ገደማ ውይይትና ጥናት በኋላ በ2008 ዓ.ም. የጊች ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ካሣ ተቀብለው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ሰሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ቀኑ ለአገር የደስታ ቀን ነበር።

ሙግት ልከፍት አይደለም። አፈሩ መታጠቡ እውነት ነው፤ የዋልያው መጨነቅ እውነት ነው፤ አባት ልጁን ማብላት እንደነበረበትም እውነት ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። የዚያ የደስታ ቀን ዋጋ የተከፈለው ጊች ላይ ነው። የከፈሉትም አያት ቅድመ አያቶቻቸውን የቀበሩበትን መሬት፣ የሰገዱበትን መስጊድና የጠጡበትን ምንጭ ትተው የወረዱ ሰዎች ናቸው። ሰሜንን እያየ የሚደነቅ ሁሉ የእነሱ እንግዳ ነው። ይህን ሳላውቅ መጥቼ አውቄ መመለሴ ለእርስዎ ያለብኝ የመጀመሪያው ምስጋና ነው።

ከመንደሩ አለፍ ብለን ወደ ሰፈራችን ስንወጣ እሳት ያለፈበት ቦታ አገኘን። ከዚያ ጥቅምት ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም.፣ ፓርኩ ተቃጥሎ ነበር። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መምጣታቸውን ሁላችንም በዜና ተከታትለናል። ጋሼ የነገሩንን ግን በዜና አልሰማነውም። እሳቱ በተነሣ ጊዜ ከደባርቅ ሕዝብ ጋር ገደሉን ወጥተው፣ እርጥብ ቅጠልና አፈር ይዘው እሳት ሲመቱ አድረዋል። ከጎናቸው የቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። «ለቅቀን ወጣን እንጂ አልተጣላናትም» አሉን፤ ከዚያ በላይ አልጨመሩም።

መምህሩ ጓደኛችን ከአንድ የከሰለ ግንድ ሥር ተንበርክኮ «ኑ እዩ» አለን። ግንዱ እስከ ጫፉ ጥቁር ነው፤ ሲነኩት እጅ ያጠቁራል። ከሥሩ፣ ከጉቶው ዙሪያ፣ ጣት የማያክሉ አረንጓዴ ቀንበጦች እንደ ብሩሽ ቆመዋል። አስታ ከላይ ቢነድም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ጓሳውም ከአመዱ መሐል ተነሥቶ አዲስ ሆኗል። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣ መሬት በስድስት ወር ውስጥ ምን እንደሚሠራ በዓይኔ አየሁ። በከተማ ሆኜ «ሰሜን ተቃጠለ» ብዬ ያዘንሁበት ልብ እዚያ ቦታ ላይ ዐረፈ። ለዚያ ቀንበጥ አመሰግንዎታለሁ።

ያደርነው ጊች ሰፈር፣ 3600 ሜትር ላይ ነው። ፀሐይ ከመጥለቋ ብርዱ ከመሬት ይነሣል። ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበን ሻይ ስንጠጣ መምህሩ ወደ አንድ ጅብራ ጠቆመን። ጅብራው ቀን ላይ ዘርግቶት የነበረውን ቅጠል እንደ እጅ ጣት አንድ ባንድ ወደ ውስጥ ሰበሰበ፤ መሐል ያለችውን ለጋ እምቡጥ ከውርጭ ለመሸፈን ነው። ይህ ተክል ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቅማል። አንድ ቀን ከሰው የሚበልጥ ቁመት ያለው አበባ ያወጣል፤ ዘሩን በትኖም ይሞታል። ከሁለተኛ ጊዜ አበባ ይልቅ አንዱን አትረፍርፎ መስጠትን የመረጠ ይመስላል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተናገሩም።

ሌሊቱ ሳይነጋ ብርድ ቀሰቀሰኝና ከድንኳን ወጣሁ። ሣሩ ነጭ ውርጭ ለብሷል። ጋሼ ነጠላቸውን አንጥፈው ፊታቸውን ወደ ሰሜን፣ ወደ ገደሉ አዙረው ይሰግዳሉ። መካ ከዚያ በኩል ነው። ከእሳቸው ሃያ እርምጃ ርቆ ስካውታችን ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ አማትቦ የዘወትር ጸሎቱን ያደርሳል። አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ። እርስዎ ከሁለቱ መሐል፣ በሰሜን ምሥራቅ፣ ጥቁር ሆነው ቆመዋል፤ ከኋላዎ ሰማዩ ይቀላል። ሁለቱ ሰዎች ጸሎታቸውን ጨርሰው አንድ እሳት ዳር ተቀመጡ፤ አንዱ ለአንዱ ሻይ ቀዳ። የእኔ አገር ይህቺ ናት ብዬ ያሰብሁባት ሰዓት ነች። ብዙ ክፉ ዜና በሰማሁባቸው በኋለኞቹ ዓመታት ወደዚያች ማለዳ ደጋግሜ ተመልሻለሁ። ስለ እሷም አመሰግናለሁ።

ከሰፈሩ እስከ እርስዎ ሁለት ሰዓት ያህል ተጓዝን። ጓሳው በጠል ርሶ እስከ ጉልበታችን ያረጥበናል፤ ጅብራዎቹ በሜዳው ላይ እንደ ዘብ ተራርቀው ቆመዋል። ከዚያ ሜዳው ያልቃል። መንገዱ ጠብቦ፣ ግራና ቀኙ አየር ሆኖ፣ ድንጋይ ለድንጋይ ይወጣል። በመጨረሻ የሚረገጥ ሲጠፋ አናትዎ ላይ ነን።

ያየሁትን እንዴት ልንገርዎ? እርስዎ ሁልጊዜ የሚያዩት ነው። በሦስት ወገን መሬት የለም። ገደሉ ከእግራችን ሥር ተቆርጦ ይወርዳል፤ ከታች እስከ አዲ አርቃይ ቆላ ድረስ ጉብታው፣ ሸንተረሩ፣ ብቻውን የቆመው የድንጋይ አምባ ሁሉ በማለዳ ጉም ውስጥ ተዘርግቷል። መምህሩ እንደነገረን ይህ ሁሉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ ገንፍሎ በላይ በላዩ የተደራረበ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሲበላው፣ ሲቀርጸው ኖረ። በገደሉ ላይ የተደራረበው መስመር መሶብ ላይ እንደተደራረበ እንጀራ ተቆጥሮ ይታያል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ልቤን ነካው። ከእግራችን በታች አንድ ትልቅ ወፍ ሲያንዣብብ አየን። ከጥንብ አንሳ ወገን ነው፤ አጥንት ከሰማይ ወደ ድንጋይ ጥሎ ሰባብሮ የሚበላው። ዕድሜዬን ሁሉ የወፍ ሆድ ከታች ሆኜ አይቻለሁ። ጀርባውን፣ ፀሐይ የበራበትን የክንፉን ላይ፣ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር ከላይ ሆኜ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ክንፉን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርገበግብ ገደሉን ዞሮ ተሰወረ። ባንክ ቤት የሚሠራው ወዳጃችን ከፍታ የሚፈራ ሰው ነው። በሆዱ ተስቦ ወደ ጠርዙ መጥቶ ወፉን እስኪሰወር አየው፤ ወደ እኛ ሲዞር ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ነርሷ ከልማዷ የሁላችንንም የልብ ምት ጨበጥ እያደረገች ቆጠረች፤ ሁላችንም ፈጥነን ነበር፤ የጋሼ ብቻ እንደ ቤታቸው ነው።

በዚያ ላይ ቁርስ በላን። ጋሼ ከከረጢታቸው በሶ አውጥተው በውሃ በጠበጡልን። ውሃው የትናንቱ ምንጭ ውሃ ነበር፤ በኮዳ ይዘውት መጥተዋል። በሶውን ቤት ባለቤታቸው ናቸው ያዘጋጁት። «ጥሩ ገብስ ነው ጋሼ» አልሁ። «የገበያ ነው» አሉኝ። «ዱሮ ከዚህ ነበር የምናመጣው።» ይህን ሲሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ጊች ሜዳ በአገጫቸው ጠቆሙ።

እኔም ዞርሁ። እሜትዬ፣ ከሰንሰለቱ ሁሉ እርስዎን የማመሰግንበት ምክንያት ይህ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፊቴ ወደ ገደሉ ነበር፤ ፎቶግራፍ ያነሣ ሁሉ የሚያነሣው እሱን ነው። ወደ ኋላ ስዞር ሰፊው የጊች ሜዳ በፀሐይ ወርቅ መስሎ ተዘርግቷል። መንደሩ ከጉብታው ወዲያ ተሰውሮ አይታይም። ያን ጊዜ ገባኝ። ከፊቴ ያለው ግርማ በእግዚአብሔር እጅ ነው የተሠራው። ከኋላዬ ያለው ሜዳ ለምልሞ የቆየው ደግሞ ሰዎች ስለተዉት ነው። እርስዎ ላይ የቆመ ሰው ሁለቱንም ያያል፤ አንገቱን ማዞር ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ያን ስላስተማሩኝ እጅ እነሣለሁ።

ከእርስዎ ወርደን ቀትር አልፎ እናትዬ ላይ ወጣን፤ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ የቆምሁት ያን ጊዜ ነው። ነፋሱ ብርቱ ስለነበር ብዙ አልቆየንም። ሲመሽ ወደ ጨነቅ ሰፈር ወረድን፤ መኪናው እዚያ ይጠብቀናል። ሰፈሩ አጠገብ፣ አፋፉ ላይ፣ አንድ ወንድ ዋልያ ቆሞ ነበር። ቀንዱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ጀርባውን ሊነካ ደርሷል። ከዚህ ሰንሰለት በቀር በዓለም ላይ ዋልያ የሚገኝበት ቦታ የለም። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችንን በስሙ ስንጠራ ስታዲየም ሙሉ ሰው ይጮኻል። ባለስሙ ግን ጥቂት ሆኖ፣ በዚህ ገደል ላይ ተቆጥሮ ይኖራል። አየንና ድምፃችንን ዝቅ አደረግን። ጋሼ ቆባቸውን ከፍ አድርገው ዝም ብለው አዩት። «ደልቦታል» አሉ በመጨረሻ። ልክ ጎረቤት ያሳደገውን ወይፈን እንደሚያደንቅ ሰው ነበር አነጋገራቸው፤ ቅናት የለበትም።

ደባርቅ ስንደርስ ጨልሟል። ጋሼ «ቡና ሳትጠጡማ አትሄዱም» ብለው ወደ አዲሱ ቤታቸው ወሰዱን። ባለቤታቸው ቡናውን ቆልተው፣ እንደ ወጉ ሽታውን ለየአንዳንዳችን አዙረው፣ እስከ በረካ አጠጡን። ስለ መንገዱም ስለ ድካሙም አልጠየቁንም። ሲኒዎቹን እያለቀለቁ፣ ፊታቸውን ቀና ሳያደርጉ «ምንጯ አለች?» አሉ።

«አለች እትዬ» አለች የነርሷ እህት። «ጋሼ ጠርገዋታል። ጠጥተናል።»

«ትኑር» አሉ። «እሰየው።» ከዚያ ሲኒውን ሞልተው አቀበሉን።

እሜትዬ፣ ከዚያ ወዲህ ደጅዎ አልመጣሁም። ያ ዓመት ሳያልቅ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ እንግዳ ሁሉ ከሰሜን ጠፋ። በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በትግራይ የተነሣው ጦርነት ዳባት ገብቶ ሰው ጨረሰ፤ ደባርቅ በተፈናቃይ ተሞላች። ከዚያም በኋላ ክልላችን ሰላም አላገኘም። በጎብኚ እግር ይተዳደሩ የነበሩ አስጎብኚዎች፣ ምግብ አብሳዮችና ባለበቅሎዎች ምን ችግር እንዳሳለፉ ደባርቅ ያለ ሁሉ ያውቃል። እርሻቸውን ለፓርኩ ለቅቀው በፓርኩ እንግዳ ሊተዳደሩ ተስፋ ያደረጉ ሰዎች፣ እንግዳው ሲቀር ከሁለት ያጡ ሆኑ። ደብዳቤዬን ያዘገየው ይህ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ዛሬ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን እሱ ነው። ምስጋናዬን ለእርስዎ ብቻ አድርጌ ብልክ ግማሹ ባለቤቱን ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ የእርስዎን ድርሻ ለእርስዎ፣ የጊችን ሰዎች ድርሻ ለጊች ሰዎች አድርሻለሁ።

ላሳዩኝ ወፍ፣ ላሳደሩኝ ሌሊት፣ አብረውኝ ለወጡት አራት ወዳጆች፣ በአንድ እሳት ዳር ሻይ ለተቀዳዱት ሁለት አማኞች፣ ወደ ኋላ እንድዞር ላደረጉኝ አናትዎ፤ ስለ ሁሉም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ለእርስዎ እድሜ አልመኝም፤ ለልጅ ልጆቻችን ይህን ሁሉ እንደያዙ ይቆዩልን እላለሁ።

አንተም አንቺም፣ ይህን ደብዳቤ ያነበባችሁ ወገኖቼ፣ ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲከፈት ወደ ጊች ውጡ። ባዕድ አገር ከማየታችሁ በፊት የራሳችሁን አገር ከላይ ሆናችሁ እዩ። በቅሎውን ከደባርቅ ሰው ተከራዩ፤ ዋጋ አትከራከሩ። እሳት አትለኩሱ፤ ያመጣችሁትን ቆሻሻ ይዛችሁ ውረዱ። የፈረሱት ቤቶች መሐል ስታልፉ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ከመንደሩ ወረድ ብላችሁ በድንጋይ የተከበበች ትንሽ ምንጭ ታገኛላችሁ። አፏን ሣር ዘግቶት እንደሆነ ተንበርክካችሁ ጥረጉላት።

አክባሪዎ፣
ከጎንደር